ከሰምርኔስ ወደብ በራሴ መንገድ

ልጄ ቤት ስትገዛ ለእኔም አንድ ክፍል አስባ ነው የገዛችው። ክፍሉ ፀሐይ ይገባዋል፤ የራሱ መታጠቢያ አለው፤ በምሥራቅ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ የሥዕለ አድኅኖ መደርደሪያ ሳይቀር አሠርታበታለች። እንዲህ ያለ ልጅ የሰጠኝን አምላክ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ቤቱ ያለው ስሚርና ነው። ስሚርና ከአትላንታ ወጣ ብላ ያለች፣ ዛፏ የበዛ፣ ሰዎቿ ጨዋ የሆኑ ደህና ሰፈር ናት። ባቡር አይደርስባትም። አውቶቡስ ለማግኘት ከልጄ በር ተነስቶ የእግረኛ መንገድ በሌለው አስፋልት ጠርዝ ጠርዙን ይዞ መሄድ ነው። እኔ ደግሞ መኪና አልነዳም።

አትላንታ የሚኖር ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ከንፈሩን እንደሚመጥልኝ አውቃለሁ። አይምጠጥ። በዚህ ከተማ የማይነዳ ሰው እግሩ እንደተቆረጠ ነው የሚቆጠረው፤ እኔ ግን እግሬ ደህና ነው። ሞክሬያለሁ፤ መንጃ ፈቃዱንም አውጥቼ ነበር። መሪውን በያዝኩ ቁጥር ሰው ገጭቼ የማድር መሰለኝ። የሰው ነፍስ በእጄ ከሚጠፋ በእግሬ ብሄድ ይሻላል ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ቡፎርድ ሃይዌይ ዳር ካለው አፓርታማዬ ኖርክሮስ እስካለው የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውሱ ድረስ ሥራ የገባሁት፣ ቅዳሴ የደረስኩት፣ ልጅ ያሳደግኩት በአውቶቡስና በባቡር ነው። ጥላ በሌለው ፌርማታ ላይ ቆሜ ዳዊቱን ስንት ጊዜ እንደደገምኩት እሱ ያውቃል። መኪና ያላቸው ሰዎች ሲያረፍዱ አይቻለሁ፤ እኔ ግን ኪዳን ሳይደርስ ገብቼ ቆሜያለሁ።

ልጄ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ፌርማታው ላይ አብራኝ ቆማ ነው ያደገችው። እሷ ግን ሌላም ነገር ታስታውሳለች። እንግሊዝኛዬ ሳይፈታ፣ ገና በልጅነቷ ሐኪም ቤት፣ የኪራይ ቢሮ፣ የራሷ ትምህርት ቤት እንኳ አፌ ሆና የቆመችው እሷ ነበረች። ዛሬ መሐንዲስ ሆና በሥሯ ሰው ታዛለች፤ በእሷ ዓይን እኔ አሁንም የቢሮ መስኮት ፊት ቆሜ ቃል የጠፋኝ ሴት ነኝ። አልፈርድባትም። እሺ ግን አልልም።

«እማ፣ ቤቴ ነይ። የምትፈልጊበት ቦታ ሁሉ እኔ ድራይቭ አደርግሻለሁ።»

«ሥራ ላይ ስትሆኚስ?»

«ትጠብቂኛለሻ!»

ነገሩ የቆመው እዚህች ቃል ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ልጅ እስክትመጣ መጠበቅ። ሽንኩርት ለመግዛት መጠበቅ። የአፓርታማዬ ሊዝ፣ የኪራይ ውሉ፣ በመስከረም የሚያበቃ ነበርና እስከዚያ ቁርጡን ልነግራት ተስማማን።

በዚህ መካከል ነው የመርከብ ጉዞ ስጦታ ያመጣችልኝ። ከአትላንታ አቴና በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ቱርክ ዳርቻ። ዕረፍት ያገኘችው በነሐሴ ነው፤ ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው። «ልጄ፣ በጾም ሽርሽር አልወጣም» ልላት አፌን ስከፍት መርከቡ የሚቆምባቸውን ከተሞች ታነብልኝ ጀመር።

«...ከዚያ ኢዝሚር። የድሮ ስሙ ስሚርና ነው፤ ፈኒ አይደል? እንደኛ ሰፈር! ኤፈሰስም የሚኬደው ከዚያ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ኤፈሰስ። ሩይንስ ነው፣ በጣም ፌመስ ነው።»

ኤፌሶን ማለቷ ነው። ስሚርና የምትላትም በራእይ መጽሐፍ ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ሆና የምናነባት ሰምርኔስ ናት። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበላቸው ጉባኤያት ሦስት ናቸው፤ ሦስተኛው የተደረገው በኤፌሶን ነው። ሁለት መቶው አባቶች ተሰብስበው እመቤታችን ወላዲተ አምላክ ናት ብለው የመሰከሩባት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሿ ዛሬም አለ። በእሷው ጾም፣ ስሟ በጸናበት ቦታ ቆሜ ውዳሴዋን ልድገም የሚል አሳብ ከገባብኝ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «አባታችን፣ በጾም መርከብ መሳፈር ኃጢአት ይሆንብኛል?»

«ባሕሩ ጾም አይሽርም» አሉኝ። «ቡፌው ነው የሚሽረው። እሱን ይጠንቀቁ።»

የማኅበር ጓደኛዬ ግን አልማረችኝም። «በፍልሰታ መርከብ? አንቺ ዮናስ! ዓሣ አንበሪ ካልዋጠኝ ብለሽ ነው?»

«ዮናስ ከእግዚአብሔር ሸሽቶ ነው፤ እኔ ወደ እመቤቴ ነው የምሄደው።»

«እሱም ሲሳፈር እንደዚሁ ብሎ ይሆናል!»

መርከቡ ላይ በወጣን ማግስት ጉብኝት የሚሸጡበት ጠረጴዛ ሄድኩ። ልጄ ለሁለታችን የኤፌሶን ቲኬት ቆርጣ ነበር፤ እኔ ግን ሳላጣራ አልሄድም። ቲያትሩ ይታያል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ይታያል፣ ከዚያ የቆዳ ጃኬት ሱቅ። የጉባኤው ቤተ ክርስቲያንስ? ቲኬት የምትሸጠው ሴትዮ ወረቀቷን አየችና «ፕሮግራሙ ውስጥ የለም፤ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ይላል፣ ሰዓት አይበቃም» አለችኝ። በነሐሴ ፀሐይ ጃኬት ለመለካት ሰዓት ይበቃል።

«በዚህኛው አልሄድም» አልኳት ልጄን። «በራሴ በባቡር እሄዳለሁ።»

መጀመሪያ ሳቀች። ቀልዴን እንዳልሆነ ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«እማ፣ ሲሪየስሊ። መርከቡ ፋይቭ ላይ ይሄዳል። ሚስ ካደረግሽው አይጠብቅሽም፣ ጥሎሽ ነው የሚሄደው።»

«አውቶቡስስ መቼ ጠብቆኝ ያውቃል?»

«ይሄ የኖርክሮስ አውቶቡስ አይደለም! ቋንቋቸውን አታውቂም። ወደቡ ደግሞ ኢንደስትሪያል ነው፤ ክሬንና ኮንቴነር ብቻ ነው፣ ሰው በእግሩ የሚሄድበት አይደለም።»

«ኮንቴነር?» ሳቄ መጣ። «ዌርሃውስ ገብቼ ዕድሜዬን ሙሉ ሳራግፍ የኖርኩት ምን መሰለሽ?»

«ከሄድሽና ሚስ ካደረግሽ ግን» አለች ጣቷን እየቀሰረች፣ «ክርክር የለም። መስከረም ላይ ቤቴ ትገቢያለሽ። ዲል?»

«ሄጄ በሰዓቱ ከተመለስኩስ?»

የቀሰረችውን ጣት አጠፈች።

«በሰዓቱ ከተመለስኩ ‘ክፍሉ’ የሚባል ነገር ዳግመኛ አይነሳም። አፓርታማዬ እኖራለሁ። ዲል ማለት እንደዚያ ነው።»

እጇን ሰጠችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

እኔ ግድ የለሽ ሰው አይደለሁም። የጣቢያዎቹን ስም እንደ ዳዊት በቃሌ ይዣለሁ። ባቡር የምቀይርበትን አውቃለሁ፤ የመጨረሻው የመመለሻ ባቡር ሳይሆን ከእሱ በፊት ባለው እንደምመለስ ወስኛለሁ። ነጠላዬን፣ ውዳሴ ማርያሜን፣ የፓስፖርቴን ኮፒ ይዤ ጠዋት በመርከቡ መሰላል ወረድኩ። ልጄ በጉብኝቱ ሰልፍ ላይ ደረቷ ላይ ቁጥር ተለጥፎላት ቆማ ነበር። አላየኋትም መሰላት፤ ስታማትብልኝ አየኋት።

ወደቡ እሷ እንዳለችው ነው። ኮንቴነር በኮንቴነር ላይ ተከምሮ ሰማዩን ይዞታል፤ ጭስና የናፍጣ ሽታ፣ የብረት ጩኸት። ተሳፋሪው ሁሉ እስከ በሩ የሚያደርሰውን ባስ ይጠብቃል። እኔ መሬት መሬቱን ሳይ ለእግረኛ የተሠመረ ቢጫ መስመር አገኘሁ፤ የደበዘዘ ነው፣ ግን እስከ በሩ ይሄዳል። ዌርሃውስ የሠራ ሰው ቢጫ መስመር ምን እንደሆነ ያውቃል። ዘበኛውን በእጄ ጠየቅኩት፤ ሂጂ አለኝ። መሐል ላይ ፎርክሊፍት ሲመጣ ቆምኩና የሹፌሩን ዓይን ፈለግኩ፤ ሹፌሩ እንዳየሽ በዓይንሽ ሳታረጋግጪ አትሻገሪም፣ የሥራው ሕግ ነው። አየኝ፤ እጁን አነሳ፤ አለፍኩ። ባስ ጠባቂዎቹ ሳይነሱ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ።

በሩ ላይ ባለ ታክሲዎቹ ከበቡኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት፤ የኔም ያው ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ተግባባን።

«ማማ! ኤፈስ! ደርሶ መልስ! ቆንጆ ኤርኮንዲሽን!»

«በባቡር ነው የምሄደው።»

«ባቡር የለም ዛሬ!»

«ለምን?»

«ተበላሽቷል! አልቆለታል!» አለ አንዱ ጢማም፣ እጁን አንገቱ ላይ እያሳለፈ። «ባቡር ሞቷል ማማ!»

«እንግዲያው ሄጄ ልቅበረው» አልኩት።

ጓደኞቹ ሳቁበት። እሱም ሳቀ፣ ጣቢያው በየት በኩል እንደሆነም በአገጩ አሳየኝ። ባቡሩ አልሞተም። ጣቢያው ካርድ ያልያዘ አያስገባም ነበርና ካርድ የሚሸጠው ማሽን ፊት ቆሜ ቁልፎቹን ስነካካ አንድ ባርኔጣ ያጠለቁ ሽማግሌ የራሳቸውን ካርድ አስነኩልኝ። ሳንቲም ዘረጋሁ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንቢ አሉኝ። እንዲህ ያለ እንቢታ ትርጉም አያስፈልገውም።

ባቡሩን በመሐል ቀይሬ ሴልቹክ የምትባለው ትንሽ ከተማ ወረድኩ። ከዚያ እስከ ኤፌሶን በእግር ይቻላል፤ እኔ ግን ጾም ነኝና ጉልበቴን ለስግደት ላቆየው አልኩ። መናኸሪያው ሄጄ ሳይ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የኛው ሚኒባስ ታክሲ! ዶልሙሽ ይሉታል። ሲሞላ ነው የሚነሳው። ወያላ የለውም፤ ከኋላ የተቀመጠው ሂሳቡን ለፊተኛው ያቀብላል፣ ፊተኛው ለሹፌሩ፣ መልሱ በዚያው መንገድ በእጅ በእጅ ይመለሳል፣ አንድም ሳንቲም ሳይጎድል። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ቤቴ የገባሁ የመሰለኝ ጊዜ የለም። ልጄ እዚህ ብትሆን ሲትቤልት ትፈልግ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠች ሻሽ ያሰረች ወፍራም ሴት ጭኗ ላይ የበለስ ቅርጫት ይዛለች። እየበላች ለእኔም አንድ አንስታ ሰጠችኝ። ወደ አፌ ጠቁሜ እጄን አወዛወዝኩና ወደ ላይ አሳየኋት። ትንሽ አየችኝ። «ኦሩች?» አለች። ቃሉን አላውቀውም፤ ዓይኗ ግን «ጾም ነሽ?» ነው የሚለው። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። በለሱን ከነቅጠሉ ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝና፣ ከዚያ በኋላ እሷም ፊቴ መብላቷን ተወች።

መኪናው ወደ ባሕሩ የሚሄድ ነው፤ ኤፌሶን መገንጠያው ላይ ነው የሚያወርደኝ። ለሹፌሩ ስሳፈር ነግሬዋለሁ፤ የሰማ መስሎኛል። እሱ ግን ሙዚቃውን ከፍቶ፣ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ ይነዳል። ቡናማውን ምልክት ከሩቅ አየሁት። ቀረበ። አልቀነሰም። አጠገባችን ደረሰ። አልቀነሰም! የሚሄደው ባሕር ድረስ ነው፤ ከዚያ ተመልሼ ስመጣ ሰዓቱ አለቀ ማለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗም፣ መርከቡም፣ አፓርታማዬም አለቀ። እንግሊዝኛው ጠፋኝ። ያ ሁሉ ዓመት የተማርኩት ሁሉ ጥርግ አለ። ሳላስበው ከሆዴ የወጣው ግን ይሄ ነበር፦

«ወራጅ አለ!»

ሰው ሁሉ ዞር አለ። የበለሷ ሴት ጭኔን መታ አድርጋ ወደ ሹፌሩ ጮኸች፦ «ኢኔጄክ ቫር!» ፍሬኑ ጮኸ፤ ሁላችንም ወደ ፊት ሄድን ወደ ኋላ ተመለስን። በሩ ተከፈተ። ስወርድ ሴትዮዋ በሳቅ እየተንፈራፈረች የኔን ቃል ልትደግመው ትሞክራለች፦ «ወራዣሌ! ወራዣሌ!»

በኋላ ወደ ሴልቹክ ስመለስ በሌላ ዶልሙሽ ነው የተሳፈርኩት፤ አንድ ሰው ወርዶ መሄድ ሲፈልግ «ኢኔጄክ ቫር» አለ፣ ሹፌሩም ቆመ። ማንም አልተረጎመልኝም፣ አላስፈለገኝም። ቃል በቃል የኛው ነው። ልጄ የፈራችልኝ ቋንቋ ይህ ነበር።

የጉባኤዋ ቤተ ክርስቲያን ከታችኛው መግቢያ አጠገብ ናት። ሰዉ እንደ ጎርፍ በእብነ በረዱ ጎዳና ይወርዳል፤ ወደ እሷ የሚታጠፍ የለም። ረጅም ናት፣ ጣራ የላትም፤ ዓምዶች ቆመዋል፣ ሣሩ ደርቋል። ደጃፏ ላይ ጫማዬን አወለቅኩ።

«ማማ! ጫማ!» ዘበኛ እየሮጠ መጣ። «ድንጋዩ ይፋጃል!»

«ቤተ ክርስቲያን ነው።»

«ቤተ ክርስቲያን የለም። ፍርስራሽ ነው።»

«ለአንተ ነው» አልኩት።

ድንጋዩ እውነትም ይፋጃል። ዘበኛው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ፤ ግን ሲሄድ ጥላ ወዳለበት ወደ ግድግዳው በእጁ አመለከተኝ። እዚያ ቆሜ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ሰገድኩ፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። ወላዲተ አምላክ የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ በየማለዳው ብዬዋለሁ። እዚያ ስለው ግን የተከራከሩበት ሰዎች ድምፅ ከሥሩ እንዳለ ተሰማኝ፤ ቃሉን አባቶች በዝምታ አልተቀበሉትም፣ ቆመው ነው ያጸኑት። ሰማይ አልተከፈተም። አንዲት ድመት መጥታ የነጠላዬ ጫፍ ላይ ተኛች። በቃኝ።

ጸሎቴን ስጨርስ «እማ!» የሚል ሰማሁ። ልጄ ናት። ሰልፏ በጎዳናው ላይ ሲያልፍ ነጠላዬን ከሩቅ አይታ ነው የወጣችው። አስጎብኚው ከኋላዋ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያውለበልባል።

«ደረስሽ? በምን መጣሽ? ቤርፉት ነሽ? ውሃስ ጠጥተሻል?»

«ጾም ነኝ እኮ።»

«ኦ ማይ ጋድ።» ላቧን ጠረገች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማ፣ ባሱ ውስጥ ያንቺ ወንበር ባዶ ነው። ከኛ ጋር ነይ። ፕሊስ። አሸንፈሻል፣ ኦኬ?»

እውነቱን ልናገር፣ ወንበሩ አማረኝ። ከንፈሬ ደርቋል፣ እግሬ ተጠብሷል። ግን ያን ወንበር ብቀመጥበት የመጣሁት ግማሹን ብቻ ነው። ሌላኛውን ግማሽ እሷ ድራይቭ አደረገችልኝ ማለት ነው።

«ውላችን ሄዶ መመለስ ነው። በመጣሁበት እመለሳለሁ።»

«ምን ያለሽ ግትር ነሽ!»

«ሂጂ፣ ጃኬቱ እንዳያመልጥሽ።»

ልትስቅ ብላ ተወችው። ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ሄደች። አስጎብኚው ቁጥሯን ጠራ።

መመለሻው እንደመምጫው አልቀናም። ባቡሩ ከተማው ሊገባ ሲል በሁለት ጣቢያ መካከል ቆመ። ድምፅ ማጉያው አንድ ነገር አለ፤ ሰዉ ተነፈሰ፣ ተቀመጠ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበርና በለሱን አውጥቼ አማትቤበት በላሁት። ታክሲ ጠርቼ አልወርድ፣ መሐል ሐዲድ ነው። «እመቤቴ» አልኩ፣ «እዚህ ድረስ ያመጣሽኝ ለልጄ መሳለቂያ እንድሆን አይደለም።» ይህን ጸሎት ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም። ባቡሩ ሲነሳ መርከቡ ሊሄድ የቀረው ጥቂት ነበር። ከጣቢያው እስከ ወደቡ በር ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ሮጬ አላውቅም እንጂ ከሩጫ ባልተናነሰ እርምጃ ሄድኩ።

ልጄ ከወደቡ በር ውጭ ቆማ ነበር። ከመርከቡ ወርዳ።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» ጮኽኩባት። «ጥሎሽ ቢሄድስ!»

«አንቺን ጥሎ እኔን ይዞ እንዲሄድ ነው?» ጮኸችብኝ።

ዘበኛው ሁለታችንንም በባሱ አስገባን፤ የመጨረሻዎቹ እኛ ነበርን። መሰላሉ ላይ ካርዳችንን ሲያነቡ ማሽኑ ‘ቲንግ’ አለ። ሰዓቱ ገና አሥራ አንድ አልሞላም። ልጄ ሰዓቷን አየች፣ እኔን አየች።

«ክፍሉን ምን ላድርገው ታዲያ?»

«አከራዪው።»

«እማ!»

«ወይ ጃኬቶችሽን ስቀይበት።»

ጃኬት አልገዛችም፤ ግን ተቆጣች። ለእራት ስንቀመጥ እንኳ አኩርፋ ነበር። ትቆጣ። ከሥጋዬ የወጣች ናት፣ ቁጣዋ የሚያልፍበትን ሰዓት አውቀዋለሁ። እኔም በበኩሌ ያን ቀን ያየኋትን አልረሳም፤ ከበሩ ውጭ፣ ሻንጣዋን መርከብ ላይ ትታ፣ በፀሐይ ቆማ። ይሁን እንጂ ይህን ያነሳሁላት በሌላ ቀን ነው፤ ያኔውኑ ባነሳው ቤቷ እንድገባ መንገድ ይሆናት ነበር።

አትላንታ በገባን በወሩ የአፓርታማዬን ሊዝ ለመፈረም ቢሮው ሄድኩ። ልጄ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አብራኝ መጣች፤ ለአንድ ዓመት ብቻ አድሼ ስለ ክፍሉ ዳግመኛ የማስብ መስሏት ተስፋ አድርጋ ነበር። የሁለት ዓመቱን ፈረምኩ።